የአራቱ ወቅቶች የሸክላ ምስሎች፦ ቀለሙን ከማየትዎ በፊት ገልብጠው ይዩዋቸው

ሰላም እህታችን። እያንዳንዳቸው አንዱን ወቅት በሴት መልክ ከሚያሳዩት፣ ከገዟቸው አራት የእንግሊዝ የሸክላ ምስሎች ሁለቱ መኸር ስለመሰሉዎት ስብስቡ የተቀላቀለ እንዳይሆን ሠግተዋል፤ በእርግጥ የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ መሆናቸውንና አስተጣጠባቸውንም ጠይቀዋል።

ስለ መኸሩ አይሥጉ። ማጭድና የስንዴ ነዶ የያዘችው በጋ ናት። እኛ አዝመራ የምንሰበስበው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሆነ ነዶ ስናይ አፋችን መኸር ይላል፤ እንግሊዝ አገር ግን ስንዴ የሚታጨደው በሞቃቱ ወራት፣ በእኛ ነሐሴ ገደማ ነው። መኸር ወይን ወይም ፍራፍሬ የያዘችው ናት። አበባ ያላት ጸደይ፣ ካባ የተከናነበችው ደግሞ ክረምት ናት፤ አንዳንዴ የጭራሮ እስር ወይም እሳት አጠገቧ ይኖራል።

መቀላቀሉን የሚያጋልጠው መቆሚያው ነው። አራቱን ጎን ለጎን አሰልፈው የመቆሚያውን ቁመት፣ ጠርዙ ላይ የተሳለውን መስመር ቀለምና ውፍረት፣ የልባሱን (ሸክላውን የሚሸፍነውን ብርጭቆ መሰል ሽፋን) መልክ ያነጻጽሩ። በእንግሊዙ የሸክላ አውራጃ በስታፎርድሺር፣ በበርስለምና በሃንሊ ከተሞች፣ የሸክላ ሠሪውን የዉድ ቤተሰብ ጨምሮ ብዙ አምራቾች አንዱ የሌላውን ቅርጽ ይቀዳ ስለነበር የፊት መመሳሰል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አብዛኛውም የአምራች ምልክት የለውም። አንዷ ከሌሎቹ አንድ አሥረኛ ያህል አንሳ፣ የጣቶቿና የፀጉሯ ዝርዝር ከደበዘዘ፣ ከተጠናቀቀ ምስል ላይ በተወሰደ ፎርማ (የቅርጽ ማውጫ) የወጣች ልትሆን ትችላለች፤ ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚኮማተር ቅጂው ያንሳል።

አሁን እያንዳንዷን ምስል ገልብጠው ውስጧን በባትሪ ይዩ። በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጭቃውን በሁለት ግማሽ የጄሶ ፎርማ ውስጥ በጣት በመጫን ነበር። ግማሾቹ በቀጭን ጭቃ ይጋጠማሉ፤ ክንድና ነዶ ለብቻ ወጥተው ይለጠፋሉ። ስለዚህ ውስጡ ወጣ ገባ ነው፣ የጣት ዱካ ይታያል፣ ክብደቱም ከጠበቁት ይበልጣል። የዘመናችን ቅጂ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ ጭቃ ፎርማ ውስጥ ፈስሶ ስለሚሠራ ቀላል ነው፤ ውስጡም የውጪውን ቅርጽ ተከትሎ ልስልስ ይላል። ይሁን እንጂ ማፍሰስም ያኔ ይታወቅ ስለነበር ይህን ብቻ ይዘው አይፍረዱ። ምስሏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለች ጉዳት አይደለችም፤ እሳት ውስጥ አየሩ መውጫ አጥቶ እንዳይፈነዳ የተተወች ናት።

ልባሱ የሚጠራቀምበትን የልብስ እጥፋትና የመቆሚያውን ጥግ ይመልከቱ። ከ1770ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወዲህ በብዙዎቹ ልባስ ጥቂት ኮባልት (ሰማያዊ ቀለም የሚሰጥ ማዕድን) ይገባ ስለነበር እዚያ ላይ ሰማያዊ ይመስላል፤ ቀደም ያሉት ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ያደላሉ። የልባሱ ቀጫጭን ስንጥቆች በሙሉ እኩል ቡናማ ከሆኑ ሆን ተብሎ የተነከሩ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የእውነተኛ ዕድሜ ቆሻሻ ሥፍራ ይመርጣል።

ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነው። ከልባሱ ሥር የተቀባው የልባሱን ከፍተኛ ሙቀት መቋቋም ስላለበት ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ቡናማ ላይ ይወሰናል። ከልባሱ በላይ የተቀባው በ700 እና በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ለብቻው ስለሚተኮስ ሮዝም ይኖረዋል፤ በጣት ሲዳሰስ ከፍ ይላል፣ በቀላሉም ይላጣል። የኋላ ጥገና ካለ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከተቀረው አካል የተለየ ያበራል። አንገትን፣ የእጅ አንጓንና የማጭዱን ጫፍ አስቀድመው ይፈትሹ፤ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

ለማጠብ ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ ለስላሳ ሳሙናና ጥጥ ይበቃል፤ የሚላጥ ቀለም ያለበትን ግን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አቧራውን ያንሱ። ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉ። ሸክላው ውኃ ይጠጣል፣ ቆሻሻውንም ከልባሱ ሥር ይዞ ይገባል፣ የቆየ ሙጫም ይለቃል። በረኪና ጨርሶ አይንኩ፤ ከደረቀ በኋላ ሸክላው ውስጥ የቀረው የበረኪናው ጨው እየጠጠረ ልባሱን ከሥር ገፍቶ ያራግፈዋል፤ ያ ደግሞ አይመለስም። ልባሱ እርሳስ ስላለበት በአሸዋ ወረቀት አይፈግፍጉት። የውስጡንና የአራቱን መቆሚያ ፎቶ ቢለጥፉልን የበለጠ ማለት ይቻላል።