ገጠር ያለ ወጣት ሰአሊ ጋ ለምትሄዱ

ገጠር ገብቶ የሚስል ወጣት ጋ ስለመሄድ የላካችሁትን ጥያቄ ነው ዛሬ የምመልሰው።

ምን ለብሼ ልሂድ ላልሽው፦ ቀለም ቢነካው የማይቆጭሽን።

ፎቶ ማንሳት ይቻላል? አስፈቅደህ። ያላለቀ ስእል ግን እባክህ ፖስት እንዳታደርግ። ብትገዛውም ሸራው ነው ያንተ የሚሆነው፣ የቅጂ መብቱ በፅሁፍ ካልተሰጠህ አብዛኛውን ጊዜ እዛው ሰአሊው ጋ ነው የሚቀረው።

አንድ አባት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው፣ ስቱዲዮው በተርፐንታይን (በቀለም ማቅጠኛው) ሽታ ታፍኖ ጥግ ላይ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተከምሮ አይተው ደንግጠዋል፣ ልጁ "ራሴን ያመኛል እንጂ ለምጄዋለሁ" ብሏቸዋል፣ አካበድኩ እንዴ ይላሉ። ኧረ አላካበዱም አባቴ! የዘይት ቀለም የሚበጠበጥበት የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፣ ያኔ ይሞቃል፣ ጨርቁ ሲከመር ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይጫር በራሱ ሊነድ ይችላል፣ ገጠር ላይ ደግሞ እሳት አደጋ ቢጠራም ቶሎ አይደርስም። ጨርቁን ዛሬውኑ ደጅ አውጥቶ አንድ በአንድ ዘርግቶ ያድርቀው፣ ወይ ውሃ ያለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይክተተው። መስኮት ይከፈት፣ ተርፐንታይኑም ይከደን። ለራስ ምታቱ ግን ሀኪም ጋ ይሂድ፣ በምን እንደሚሰራም ይናገር። ለምጄዋለሁ ቢልዎት አይስሙት፣ ራስዎ ይዘውት ይሂዱ።

"ስለ ስእል ምንም አላውቅም፣ ፊቱ ቆሜ ምን ልበለው?" ያልሽኝ እህቴ፣ መጀመሪያ ምንም አትበይ። እኔ አንዴ አንዲት ሰአሊ ጋ ሄጄ ገና ከበሩ ስገባ፣ ማድነቄ ነው ብዬ "የእገሌን ስራ ይመስላል" አልኳት፣ ልጅቷ ዝም ብላ ሸራውን ወደ ግድግዳው አዞረችው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሁለተኛ ስሄድ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፣ ቆይቶ ቆይቶ ከቀዩ ጠርዝ ስር ስስ አረንጓዴ ታየኝ፣ "ከስር አረንጓዴ ነበር እንዴ?" ስላት ብሩሿን አስቀመጠች፣ መጀመሪያ ሜዳ እንደነበር፣ ሶስቴ እንደሸፈነችው፣ ቀዩ አረንጓዴ ላይ ካልተቀባ እንደማይደምቅላት ስትነግረኝ መሸ። ብቻውን የሚሰራ ሰው ስራውን ቁጭ ብሎ የሚያይለት የለውም፣ "ያምራል" ብለሽ ከምታልፊ ያየሽውን አንድ ነገር ጠይቂው። "ስንት ቀን ፈጀብህ" ግን ይቅርብሽ፣ የመጣ ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የገዛሁትን ጠቅልዬ ልውሰድ? በደንብ ሳይደርቅ አይሆንም፣ ወፈር ያለ የዘይት ቀለም ወራት ይፈጃል። ሲደርቅም ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ሰፋ ያለ ቱቦ ላይ ነው የሚጠቀለለው፣ የቆየ ስእል ከሆነ ባለሙያ ጠይቅ።