ትልቁን ሸራ ለጊዜው ግድግዳ አስደግፊው

ጥያቄ፦ «ከሥዕል ትምህርት ቤት ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቀን ቀን ሌላ ሥራ እሠራለሁ። የዘይት ቀለም እወዳለሁ፤ ግን የጀመርኩትን አልጨርስም። አንድ ትልቅ ሸራ ላይ ወራት ፈጅቻለሁ። ለሥዕል አስተማሪነትና ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል ሥራ ሳመለክት በቅርብ የሠራኋቸውን 20 ሥራዎች እንድልክ ይጠይቁኛል፤ የለኝም። በየቀኑ አንድ ትንሽ ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች አያለሁ። እኔም ልጀምር ወይስ ጊዜ ማባከን ነው? ቶሎ ቶሎ መሥራቱስ እጄን አያበላሽብኝም?»

ውድ እህቴ፣

ጀምሪ። ግን «በየቀኑ አንድ ሥዕል» ብለሽ ለራስሽ ቃል አትግቢ። ቀን ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ይህን ቃል ብዙም ሳይቆይ ያፈርሰዋል። አንድ ቀን ያመልጠዋል፣ ከዚያ ሁለት ቀን፣ ከዚያ «በቃ አልሆነልኝም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። አንቺ በሳምንት ሦስት ቀን፣ የታወቀ አንድ ሰዓት ያዢ። ቃል የምትገቢው ለሰዓቱ ነው፤ ለሥዕሉ ማማር አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ብሩሽ ታነሻለሽ፣ ሲያልቅ ታስቀምጫለሽ። ያማረም ያላማረም፣ የዚያን ቀን ግዴታሽን ተወጥተሻል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ችግርሽ የችሎታ አይመስለኝም። ልምምድ የጎደለሽ መጀመርና መጨረስ ላይ ነው። በትልቅ ሸራ ብቻ የሚሠራ ሰው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጀምራል፣ ቢሳካለት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጨርሳል። ከባዶቹ ውሳኔዎች ደግሞ እዚያው ጫፍና ጫፉ ላይ ናቸው። ዕቃውን የት ላይ ላስቀምጠው? የትኛው ጥላ ከሁሉም ይጥቆር? ምን ልተው? መቼ ይብቃኝ? እነዚህን በሳምንት ሦስቴ የሚወስን ሰው እጁም ዓይኑም ይፈታል።

እጅሽ ይበላሻል ብለሽ አትስጊ። ፈረንሳዊው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ፒየር-ኦንሪ ደ ቫለንሲየን በ1800 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ፣ ከተፈጥሮ የሚሠራ የልምምድ ሥዕል ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ለፀሐይ መውጫና መጥለቂያ የፈቀደው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ብርሃኑ ስለሚሸሽ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ኮንስታብል በ1821 እና በ1822 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ሃምፕስቴድ ሆኖ ሰማይና ደመና በትንንሽ ወረቀቶች ላይ በዘይት ቀለም ይሠራ ነበር። ከብዙዎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን ሁኔታ ጽፎባቸዋል። ይህን ልማዱን ውሰጂለት። ከእያንዳንዱ ሥዕልሽ ጀርባ ቀኑን፣ የፈጀብሽን ጊዜና ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ጻፊ። ነገ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሥራሽ ስትናገሪ በእጅሽ ያለ ማስረጃ ይሆንልሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዘይት ቀለም ልማድን የሚገድለው በአብዛኛው ስንፍና አይደለም፤ ዝግጅቱና ጽዳቱ ነው። ደክሞሽ ገብተሽ ሸራ መወጠር፣ ቀለም መምረጥ፣ የሚሣል ነገር መፈለግ ካለብሽ አትጀምሪም። ስለዚህ ዝግጅቱን ከሥዕሉ ሰዓት ለዪው። አንድ የዕረፍት ቀን መድበሽ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስስ ጣውላዎች በብዛት አስቆርጪ። መደብ የሚሆን ነጭ አክሪሊክ ሁለት እጅ ቀቢያቸውና ይድረቁ። ያልተቀባ ወረቀት ወይም ጣውላ ላይ በቀጥታ በዘይት ቀለም አትሥሪ፤ ዘይቱን ይመጥና ውሎ አድሮ ይጎዳል። የጣውላው ትንሽነት አያሳስብሽ። በ1889 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ሠዓሊዎቹ ቶም ሮበርትስ፣ አርተር ስትሪተንና ቻርልስ ኮንደር ከጓደኞቻቸው ጋር ባሳዩት ኤግዚቢሽን ብዙዎቹ ሥዕሎች የሲጋር (ወፍራም የትምባሆ ጥቅል) ሣጥን ክዳን ላይ የተሠሩ ነበሩ፤ 23 በ13 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዛሬ በአውስትራሊያ የሥዕል ታሪክ ትልቅ ቦታ አላቸው።

ቀለም አታብዢ። ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (የአፈር ቢጫ)፣ ካድሚየም ቀይና ጥቁር ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቁሻል። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን ስሙ የሚነሣው ከእነዚህ መሰል አራት ቀለማት ጋር ነው። ጥቁሩ ከነጭ ጋር ሲቀላቀል ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ከቢጫው ጋር አረንጓዴ ይሰጥሻል። ብሩሽም ሁለት ሦስት ሰፋፊ ብቻ ያዢ። ቀጭን ብሩሽ በእጅሽ ካለ ገና በአሥረኛው ደቂቃ ጥቃቅን ነገር ውስጥ ትገቢያለሽ።

ፓሌትሽ (የቀለም መቀላቀያ ሰሌዳሽ) ላይ የተረፈውን ቀለም አትጣይው። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም በትነት አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው። አየር በማያስገባ ዕቃ ከድነሽ ቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጥሽው ለቀናት ይቆይልሻል። ከምግብ ጋር ግን አንድ ላይ አታድርጊው።

አንድ ነገር አደራ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨምድደሽ ጥግ ላይ አትጣይ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከማቸ ጨርቅ ያለ ምንም ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው፣ ወይም ውሃ ያለበት የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ከተሽ ክደኚው። ብሩሹንም በዘይት አርሰሽ፣ በጨርቅ ጠርገሽ፣ በሳሙና ማጠብ ትችያለሽ። ተርፐንታይን (የቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) የግድ ካልሆነ አትጠቀሚ፤ ከተጠቀምሽም መስኮት ክፈቺ።

የሚሣለውን ነገር ከዋዜማው ወስኚ። አንድ ዕቃ፣ ከአንድ ጎን የሚመጣ አንድ መብራት። እኔ የምመክርሽ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ ዕቃ እንድትሠሪ ነው። ሦስት ቀን ያው ኩባያ ይሰለቻል ትይኝ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ግን ምን ልሣል የሚለው ሐሳብ ስለሌለ ዓይንሽ ብርሃኑ ላይ ያርፋል። ሰዓት ሙይና መጀመሪያ በእርሳስ ቦታውን ያዢ። ከዚያ ትላልቁን ጥላና ብርሃን በስሱ ለዪ። ወፈር ያለውን ቀለም ለብርሃኑ አቆዪው። እርጥብ ላይ እርጥብ ስትቀቢ ያንኑ ቦታ ደጋግመሽ ካሸሽው ቀለሙ ይደፈርሳል። አስቀምጠሽ እለፊ። ከተሳሳትሽ በላዩ ላይ አትደርቢ፤ በቢላዋ ፍቀሽ እንደገና አስቀምጪ። ሰዓቱ ሲጮህ ደግሞ የምር አቁሚ። «አምስት ደቂቃ ብቻ» ያልሽ ዕለት ወደ ትልቁ ሸራ ልማድሽ ተመለስሽ ማለት ነው።

ሠርተሽ እንደጨረስሽ ሥዕሉን አትገምግሚው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪና ተኚ። በወሩ መጨረሻ ሁሉንም ወለል ላይ ደርድሪና ከላይ እያቸው። አብዛኞቹ አያስደስቱሽም፤ የመጀመሪያው ወር እንዲህ ነው። ሦስት አራቱ ላይ ግን ዓይንሽ ይቆማል። ለምን እንደቆመ በጽሑፍ አስፍሪ። የወደቁትንም አትጣያቸው።

ሰው የማይወደው ምክር ልስጥሽ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሥዕሎቹን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፊ፣ ለሽያጭም አታቅርቢ። ብዙ ላይክ ያገኘው ሥዕል ቀጥሎ የምትሠሪውን ይመርጥልሻል። ገና የራስሽን ዓይን እያገኘሽ ስለሆነ ይህን ለሌላ ሰው አትስጪ።

በሳምንት ሦስት ከሠራሽ በሦስት ወር ውስጥ ወደ 39 ሥዕል ይኖርሻል። ከዚያ 20 መምረጥ ይቻላል። ትልቁ ሸራም አልሞተም፤ ከሦስት ወር በኋላ በሳምንት አንድ ቀን መድቢለት።

ስለ ማመልከቻው ግን እውነቱን ልንገርሽ። ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት አንድ አይደለም። ለአስተማሪነት ያንኑ ዕቃ በአምስት የተለያየ ብርሃን የሠራሽበትን ተከታታይ ሥራ ላኪ፤ እንዴት እንደምታስቢና እንዴት ማስረዳት እንደምትችዪ ያሳያል። ለልጆች መጽሐፍ ግን የኩባያ ሥዕል ብቻውን አያስቀጥርሽም። እዚያ የሚያዩት አንዱን ገጸ ባሕርይ ከገጽ ገጽ መልኩ ሳይለወጥ መሣል መቻልሽን ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ከሦስቱ ቀናት አንዱን ለዚህ ስጪ። አንድ ልጅ ፍጠሪ፤ ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ፣ ስትተኛ፣ ከጀርባ ስትታይ፣ በዚያው ትንሽ ጣውላ ላይ፣ በዚያው አንድ ሰዓት ሣያት።