«የባሲትራሲን ጂን» ይባላል ወይስ አይባልም?

ጥያቄው የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ ባዮሎጂ ከሚያስተምሩ አንዲት መምህርት። እንዲህ ይላሉ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባክቴሪያዎች ስለሚሠሯቸው አንቲባዮቲክ ፔፕታይዶች ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ‹የኒሲን ጂን›፣ ‹የባሲትራሲን ጂን› ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ሁለተኛው ግን አይባልም ብሎ ሙግት ገጠመኝ። ያው ሁለቱም ‹የ› አይደሉም እንዴ? ደግሞስ ባክቴሪያው አንቲባዮቲክ ‹ያመርታል› ነው ወይስ ‹ያመነጫል›?»

ሰዋስውን ከጠየቁኝ እርስዎ ልክ ነዎት። ባዮሎጂውን ከጠየቁኝ ደግሞ ባልደረባዎ። ጥፋቱ የ«የ» ነው።

ይቺ ፊደል ሥራ አትመርጥም። «የጤፍ እንጀራ» ስንል ከጤፍ የተሠራ ማለታችን ነው። «የእንጀራ ምጣድ» ስንል ግን ምጣዱ ከእንጀራ አልተሠራም፤ እንጀራ ይጋገርበታል እንጂ። «የጎረቤቴ እንጀራ» ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባለቤትነት ነው። ማንም አይደናገርም፣ ምክንያቱም ጤፉንም ምጣዱንም ጎረቤቱንም አስቀድመን እናውቃቸዋለን። ባሲትራሲንን ግን ተማሪዎ ገና ዛሬ መስማቱ ነው። «የኒሲን ጂን» በገባው መንገድ «የባሲትራሲን ጂን»ንም ይረዳዋል፤ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ኒሲንን እንይ። ኒሲንም ባሲትራሲንም ፔፕታይዶች ናቸው፤ አሚኖ አሲድ የሚባሉ የፕሮቲን መገንቢያዎች የተያያዙባቸው አጫጭር ሰንሰለቶች ማለት ነው። ሠሪው ላክቶኮከስ ላክቲስ የሚባል የወተት ባክቴሪያ ነው። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ጎረቤቴ በወይራ ባጠኑት ቅል ውስጥ ያስቀመጡት ወተት ሲረጋ፣ ከሚያረጉት መሀል የዚህ ባክቴሪያ ዘመዶች አሉበት። ኒሲን የ34 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው፤ የእነዚህ 34ቱ ቅደም ተከተል አንድ ጂን ላይ አንድ በአንድ ተጽፎ ይገኛል። ራይቦዞሙ (የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ) ጽሑፉን እያነበበ መጀመሪያ 57 አሚኖ አሲድ ያለው ረዘም ያለ ሰንሰለት ያወጣል፣ ከዚያ ኢንዛይሞች (የሴሉን ሥራ የሚሠሩ ፕሮቲኖች) አምስት ቀለበት ያበጁለታል፣ ወደ ውጭ ይላካል፣ በመጨረሻም ከፊቱ ያሉት 23ቱ ተቆርጠው ይጣላሉ። (የራሳችን «የ»ም እንዲሁ ናት፤ «የኒሲን ጂን» ላይ «በ» ሲመጣ «በኒሲን ጂን» እንላለን እንጂ «በየኒሲን» አንልም፤ ተቆርጣ ትቀራለች።) ከዚህ ጂን አጠገብ ሌሎችም ተሰልፈዋል፤ ከእነሱ ውስጥ ባክቴሪያው በገዛ መርዙ እንዳይሞት የሚጠብቁት አሉ። ዋናው ግን ጂኑ ላይ የተጻፈው ኒሲን ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ «የኒሲን ጂን» ምንም አይወጣለትም።

ባሲትራሲን ሌላ ታሪክ ነው። ስሙ ራሱ ደስ ይላል፦ እ.ኤ.አ. በ1943 ማርጋሬት ትሬሲ የምትባል ልጅ እግሯ ላይ ከደረሰባት ቁስል ከተወሰደ ባክቴሪያ ተገኘ፣ ከባክቴሪያው ስም ከባሲለስና ከልጅቷ ስም ከትሬሲ ተገጣጥሞ ባሲትራሲን ተባለ። በ12 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው። ታዲያ ጂን ከፍተው እነዚህን 12 ቢፈልጉ አያገኟቸውም። የሚያገኙት ሦስት ጂኖች ነው፤ እያንዳንዱ ላይ የተጻፈው አንድ ግዙፍ ኢንዛይም ነው። የመጀመሪያው አምስት፣ ሁለተኛው ሁለት፣ ሦስተኛው አምስት አሚኖ አሲድ ይጨምራል፤ ሲደመር 12። ራይቦዞም እዚህ የሚገባው ኢንዛይሞቹን ለመሥራት ብቻ ነው፣ ፔፕታይዱን የሚገጣጥሙት ራሳቸው ኢንዛይሞቹ ናቸው።

ማስረጃ ከፈለጉ ባሲትራሲን ውስጥ ኦርኒቲን አለ። ኦርኒቲን ደግሞ ጂን ላይ ከሚጻፉት 20 አሚኖ አሲዶች ውስጥ የለም። በፊደሉ ውስጥ የሌለ ነገር እንዴት ሊጻፍ ይችላል? እንግዲህ ጂኑ ላይ ያለው የምጣዱ አሠራር ነው፤ እንጀራው የለበትም።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሰሌዳው ላይ «የባሲትራሲን ገጣጣሚ ኢንዛይሞች ጂኖች» እላለሁ። ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ግን «ባሲትራሲንን የሚገጣጥሙ ኢንዛይሞች ጂኖች» ካሉ «የሚገጣጥሙ» የሚለው ለጂኖቹ ይሁን ለኢንዛይሞቹ ስለማይታወቅ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ለማሳጠር ከፈለጉ ቢያንስ «ጂኖች» ብለው ያብዙት።

«ዘረመል» ለምን አልተጠቀምክም የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። «የዘረመል ምርመራ» ሲባል ያምራል፣ ጉዳዩን በጅምላ ለመጥራት ጥሩ ቃል ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ለመቁጠር ግን «ጂን» ይቀላል። እርግጥ እናቴ «ጂን» ስላት እስከ ዛሬ ታማትባለች።

የግሱ ጉዳይ ቀላል ነው። «ያመነጫል» ይበሉ። ከውስጥ ተሠርቶ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር ስለሆነ ከምንጭ ጋር ይስማማል። «ያመርታል»ም ስህተት አይደለም፤ ግን እሱን ስሰማ ዐይኔ ላይ የሚመጣው ጭሱን የሚያትጎለጉል የቃሊቲ ፋብሪካ ነው።