የሕግ ገጽ፦ ሕገ መንግሥቱን ይዘን ወዴት እንሂድ?

ስለ ሕገ መንግሥት ከአንባቢዎቻችን የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ግን ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ መብቱ በጽሑፍ አለ፣ ሲጣስ ግን የትኛው በር ይንኳኳ? በዚህ እትም ከመካከላቸው አራቱን መርጠን፣ አንቀጹንና የጊዜ ገደቡን፣ አቤቱታ የሚቀርብበትንም ቦታ እየጠቀስን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ኢትዮጵያ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ ሕገ መንግሥት ካላት ዲሞክራሲም ከዚያ ጀምሮ ነበረ ማለት ነው?» ብለው ያዙኝ። ምን ልበላቸው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልነበረም ይበሏቸው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በሚል መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጡ ነበር። የ1948ቱ ሕዝቡ እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ፈቀደ፣ የመጨረሻው ሥልጣን ግን ከዙፋኑ አልወረደም። የ1979ኙ የዜጎችን መብቶች በዝርዝር ጽፎ ሲያበቃ አንዱን ፓርቲ የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ ኃይል አደረገው። ሦስቱም ሕገ መንግሥት ይባላሉ። ሆኖም ገዢውን «ከዚህ አትለፍ» ብሎ የሚያስቆም አካል አንዳቸውም አላቆሙም።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ነው፤ 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች አሉት። ተማሪዎችዎ በመጀመሪያ ሊያነቡ የሚገባው አንቀጽ 9ን ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የባለሥልጣን ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም፤ ከሕገ መንግሥቱ ውጪ ሥልጣን መያዝም የተከለከለ ነው። ሕገ መንግሥት የዲሞክራሲ አውታር የሚሆነው ይህ ድንጋጌ በሥራ ሲታይ ነው።

በሥራ ሲታይ ምን እንደሚመስል በቅርብ ምሳሌ ያሳዩአቸው። ከሕገ መንግሥቱ በታች በፓርላማ የሚወጣ አዋጅ አለ፣ ከአዋጁ በታች የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ከደንቡ በታች የመሥሪያ ቤት መመሪያ። ዜጋው መብቱን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ ከታች፣ መስኮት ላይ፣ «መመሪያው አይፈቅድም» ተብሎ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ግን ያልተመዘገበና ለሕዝብ ይፋ ያልሆነ መመሪያ ሊፈጸም እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ «የመመሪያውን ቁጥር ይንገሩኝ፣ የከለከሉኝንም በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት የተለመደ ሊሆን ይገባል። በቃል የተነገረ ክልከላ ይግባኝ የሚባልበት ወረቀት የለውም፤ ብዙ አቤቱታ ገና ሳይጀመር የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዓርብ ዕለት ከሥራ ቦታው ተይዞ ዛሬ ማክሰኞ ሆኗል፤ እስካሁን ፍርድ ቤት አልቀረበም። ጣቢያው «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም፣ ምርመራ ላይ ነው» ይለናል። ምን እናድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። ከ48 ሰዓቱ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚፈጀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ ይቀነሳል የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም፤ ፍርድ ቤቶች በዕረፍት ቀን ተረኛ ችሎት የሚያስችሉትም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘ ሰው ደግሞ ለመንገድ ተብሎ የሚታሰብለት ጊዜ ከጥቂት ሰዓት አይበልጥም። ምርመራው አለማለቁም ምክንያት አይሆንም። ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ከፈለገ ታሳሪውን ይዞ ቀርቦ ዳኛውን መጠየቅ አለበት።

ዛሬውኑ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛው ወንድምዎ የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፣ ሲያዝ ያዩ ሰዎች ስም፣ አሁን ያለበት ጣቢያና ኃላፊው ነው። ሁለተኛው ታሳሪውን በአካል ማግኘት ነው። አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አማካሪ፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ስታገኙት «ዳኛ ፊት ቀርበሃል ወይ? መቼ? የትኛው ችሎት?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚህ በኋላ የምትሄዱበትን መንገድ የሚወስነው ይህ መልስ ነው።

አልቀረብኩም ካለ አንቀጽ 19(4) ያለውን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ታቀርባላችሁ። ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ይገኛል። አቤቱታው በቃለ መሐላ የተደገፈ ሆኖ ሰውየውን ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘ፣ በምን ሁኔታ እንዳለና የሚመሰክሩ ሰዎች ካሉ ስማቸውን ይገልጻል። አንድ ገጽ ይበቃል። «ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሥራ ቦታው ተይዞ፣ እስከ ዛሬ ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ፍርድ ቤት አልቀረበም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለ ወንድምዎ ጠባይና ስለ ቤተሰቡ ችግር ከሚጻፍ ሦስት ገጽ በላይ ይሠራል። የትኛው ችሎት እንደሚያየው የፍርድ ቤቱን ሬጅስትራር ጠይቁ። ፍርድ ቤቱ የያዘው አካል ሰውየውን ይዞ በተቆረጠው ቀን ቀርቦ የያዘበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ያዛል፤ ሕጋዊ ምክንያት ከሌለ ይፈታዋል።

አቤቱታው በተደጋጋሚ ውድቅ የሚሆንባቸው ሁለት ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው የያዘውን አካል አሳስቶ መጥራት ነው። ታሳሪ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ሲዛወር የተጠሪው ጣቢያ «እኛ ዘንድ የለም» ብሎ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ በዝውውሩ ሰንሰለት ያሉትን ሁሉ ተጠሪ አድርጉ። ሁለተኛው ዳኛ ፊት ቀርቦ የጊዜ ቀጠሮ (ለፖሊስ ምርመራ ተጨማሪ ቀናት) ለተሰጠበት ሰው ይህንኑ አቤቱታ ማቅረብ ነው። ያ ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለተያዘ መንገዱ ሌላ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 59 ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል። ፖሊስ በየቀጠሮው ሲመለስ «ባለፈው የፈቀዱልንን ጊዜ በዚህ በዚህ ተጠቅመንበታል» ብሎ እንዲያስረዳ ጠበቃው ዳኛውን ያሳስብ። ዋስትና ሲከለከል ደግሞ በቁጥር 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። ሃያውን ቀን «ይፈቱት ይሆናል» ብሎ በመጠበቅ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ እባካችሁ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ ጉዳዬ እስከ ሰበር (የሕግ ስህተትን እስከሚያርመው የመጨረሻ ችሎት) ደርሶ ተፈርዶብኛል። ፍርዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብዬ አምናለሁ። «ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሂድ» አሉኝ። በሌላ አገር ይህን የሚያየው ፍርድ ቤት አይደለም ወይ? (ከጎንደር)

መልስ፦ በብዙ አገር ፍርድ ቤት ነው። እንደ ጀርመን ልዩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያቋቋሙ አሉ፤ እንደ አሜሪካ ለመደበኛ ፍርድ ቤቶች የተዉም አሉ። በኢትዮጵያ ግን አንቀጽ 62(1) ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጥቶታል። ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ መተርጎም ያለበትም እነሱ በተወከሉበት ምክር ቤት ነው የሚል አሳብ አለው።

ሆኖም አቤቱታው በቀጥታ ወደ ምክር ቤቱ አይሄድም። መጀመሪያ የሚያየው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። አባላቱ 11 ናቸው፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ፣ ተወካዮች ምክር ቤት አቅርቧቸው በርዕሰ ብሔሩ የሚሾሙ ስድስት የሕግ ባለሙያዎች፣ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት የሚወከሉ ሦስት ሰዎች። ጉባኤው ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ አሳቡን ለምክር ቤቱ ይልካል፤ ምክር ቤቱም በአንቀጽ 83 መሠረት በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። አያስፈልግም ካለ ቅር የተሰኘው ወገን ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረት ግለሰብ የሚያመለክተው ይግባኝ የማይባልበት የመጨረሻ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ እርስዎ ይህን አልፈዋል። ክርክሩ ገና በሂደት ላይ ላለ ሰው ደግሞ የያዘው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ወደ ጉባኤው እንዲመራው መጠየቅ ይቻላል። ፍርድ ቤቱ የሚልከው ትርጉም የሚያስፈልገውን ጭብጥ ብቻ ነው።

አሁን ቁልፉ ነገር። ወደ ጉባኤው የሚሄዱት አብዛኞቹ አቤቱታዎች ትርጉም አያስፈልጋቸውም ተብለው ይዘጋሉ። ምክንያቱም አመልካቾች ጉባኤውን ከሰበር በላይ ያለ ሌላ ሰበር አድርገው ያዩታል። «ፍርድ ቤቱ ምስክሬን አላመነም» ወይም «ውሌን አሳስቶ ተረጎመ» የሚለው የማስረጃና የሕግ ክርክር እንጂ የሕገ መንግሥት ጥያቄ አይደለም። የእርስዎ አቤቱታ «ፍርዱ በአንቀጽ ይህ ያለኝን መብት በዚህ መንገድ አሳጥቶኛል» የሚል አንድ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ከሌለው አያስገቡት።

የተሳካ ምሳሌ አለ። አንዲት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ በውርስ ክርክር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳዬን እንዲያይ አልፈቀድኩም ብለው ተቃወሙ። ተቃውሟቸው አልተሰማም፤ በየደረጃው ይግባኝ ብለው ሰበር ሰሚውም አልተቀበላቸው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን በ1996 ዓ.ም. ውሳኔውን ሻረው። አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘት የሚቻለው በተከራካሪዎች ፈቃድ ብቻ ነው ይላልና። የሴትየዋ ክርክር ውርሱ ለማን ይገባል የሚል አልነበረም። አልፈቀድኩም የሚል ነበር፤ ያሸነፈውም በዚህ ነው።

ድክመቱንም መናገር አለብን። የምክር ቤቱ አባላት የሚመረጡት በክልል ምክር ቤቶች ነው። ገዢው ፓርቲ አብዛኞቹን ምክር ቤቶች በያዘበት ጊዜ መንግሥት የሠራውን የሚመዝነው መንግሥትን የመሠረተው ፓርቲ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫ ሲራዘም አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በይፋ በቴሌቪዥን ማዳመጡ የሚመሰገን ነበር፤ ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን የሰጠው ውሳኔ ግን የራሱንም የሥራ ዘመን የሚያራዝም ነበር። ገለልተኛ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይቋቋም የሚለውን ክርክር ከልብ የምንደግፈው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ሕገ መንግሥቱ ይቆማል? ሌላም ልጨምር፦ ጥምር ዜግነት እንዲፈቀድ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል አለበት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይቆምም። አዋጁን የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ የሚወጣውም በውጭ ወረራ፣ በተለመደው የሕግ ማስከበር ሥርዓት ሊቋቋሙት በማይቻል የሥርዓት መናጋት፣ በተፈጥሮ አደጋ ወይም በወረርሽኝ ብቻ ነው። የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ ቀርቦለት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መጽደቅ አለበት። የሚጸናው ለስድስት ወር ነው፤ ማራዘሚያው በየአራት ወሩ በዚያው ድምፅ ይሰጣል። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ዘመዱ የታሰረበት ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ዝርዝር ነው።

በአስቸኳይ ጊዜም ሊነኩ የማይችሉት የመንግሥቱን ስያሜ የያዘው አንቀጽ 1፣ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው 18፣ የእኩልነት መብትን የያዘው 25 እና የብሔሮችን ራስን በራስ የመወሰን መብት የያዘው የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። በሕይወት የመኖር መብት በዝርዝሩ የለም፤ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ይሁንና ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ይህ መብት በምንም ሁኔታ እንዳይታገድ ስለሚከለክል፣ የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል በሚያደርገው አንቀጽ 9(4) በኩል መከራከሪያ ይሆናል።

ስለ ጥምር ዜግነቱ፦ የሚከለክለው ሕገ መንግሥቱ ሳይሆን የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ የሚቆጥረው ይኸው አዋጅ ነው። ስለዚህ ፓርላማው በተራ የአዋጅ ማሻሻያ ሊለውጠው ይችላል፤ ደብዳቤዎን ለተወካዮች ምክር ቤት መጻፍ ይበቃል። ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ግን ሌላ ዳገት ነው። ከምዕራፍ ሦስትና ከአንቀጽ 104 እና 105 ውጪ ላለ ድንጋጌ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ከ12ቱ ክልሎች 8 ማለት ነው። ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም የመብቶች ምዕራፍ፣ የሚሻሻለው ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ ካጸደቁት፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ከተስማሙበት ነው። አንድ ክልል እምቢ ካለ ማሻሻያው አይጸድቅም።