ደመኛው ደጅ ሲቆም፦ ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። «ዘ ድራጎን ፕሪንስ» የሚባለውን የኔትፍሊክስ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ከመጀመሪያው ጀምሮ እከታተል ነበር። ሦስተኛውን ሲዝን በጣም ነው የወደድኩት። አራተኛው ላይ ግን ተናደድኩና ተውኩት። አሁን ጓደኞቼ «ሰባተኛው አሪፍ ነው፣ የግድ እየው» እያሉ ይጨቀጭቁኛል። ልመለስ ወይስ ይቅርብኝ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ተመለስ እንጂ! ንዴትህ ግን ልክ ነው፣ እኔም ተናድጄ ነበር። ሦስተኛው ሲዝን የወጣው ኅዳር 2012 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ገደማ ዝም። አራተኛው ጥቅምት 2015 ሲመጣ በታሪኩ ውስጥም ሁለት ዓመት አልፎ ጠበቀን፤ ተዋደው የተውናቸው ካለምና ሬይላ ተለያይተዋል። ሬይላ ለምን ጥላው ሄደች? ነገሩ በቅጡ የተተረከው ለብቻው በታተመ የሥዕል መጽሐፍ ላይ ነው። ፒያሳ ፍላሽ አስሞልቶ የሚያይ ሰው መጽሐፉን ከየት ያምጣ? ይሄ ተመልካችን መናቅ ነው ባይ ነኝ።

ሰባተኛው ሌላ ነገር ነው። የወጣው ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ነው። እንደ ሌሎቹ 9 ክፍል አለው፣ በእሱም ጠቅላላው 63 ሞላ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋናው ክፉ፣ ስለ አራቮስ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ልጁ ንጉሥ፣ ኤዝራን ነው።

ትዝ ካለህ መጀመሪያ ላይ ሩናን የሚባለው ኤልፍ (ኤልፎች ቀንድ ያላቸው የአስማት ፍጡራን ናቸው) ገዳዮቹን አስከትሎ በሌሊት ይመጣና የኤዝራንን አባት ይገድላል። ልጁ ያደገው ያንን ይዞ ነው። ሆኖም ዘውድ ከጫነ ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ መገዳደሉ እኛ ጋ ይብቃ። ጥሩ ብሏል። ግን ደመኛህ በሌለበት ይህን ማለት ቀላል ነው። ሩናን ለካ በአስማት ሳንቲም ውስጥ ታስሮ ኖሯል፣ ስድስተኛው ሲዝን ላይ ይፈታል። የምታስፈታው ደግሞ ሬይላ ናት፣ ያሳደጋት እሱ ነዋ! ሬይላ ማለት የኤዝራን ወንድም የካለም ፍቅረኛ፣ የድራጎኑን እንቁላል ይዛ ከሁለቱ ወንድማማቾች ጋር አገር ላገር የተንከራተተች ልጅ ናት። በዚያው ሰሞን ደግሞ የኤዝራን ከተማ በእሳት ይወድማል። እና ከተማው አመድ በሆነበት፣ አባቱን የገደለው ሰው በቤተሰብ በኩል መጥቶ ደጁ ላይ ሲቆም፣ ያ ሰላም ሰላም ሲል የኖረ ልጅ ምን ይሁን?

እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ይገባል። ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ያም ሆኖ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ታውቃለህ። ኤዝራን ሽማግሌ የለውም። ከሳሹም ዳኛውም እሱ ነው፣ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም። «ባህሪው ተበላሸ፣ የድሮው ኤዝራን የት ሄደ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ ደግሞ ገና አሁን ሰው ሆነ እላለሁ። ሳይናደድ ይቅር ቢል ኖሮ ፊልሙን እዘጋው ነበር።

ቅሬታ የለኝም ማለት አይደለም። ንዴቱ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሄደው። ሁለት ክፍል ቢጨመርለት ምን ነበረበት? አራቮስ ጊዜውን በላው። መጨረሻውም በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚያልቀው፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር ተቋጭቶ አገኛለሁ ብለህ አትጠብቅ። አራተኛውን ሮጥ ሮጥ እያልክ እለፈው፣ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ረጋ በል።

ጥያቄ፦ ይሄንኑ ፊልም ፍላሽ አስሞልቼ ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሲዝን ግን ይቆራረጣል፣ ሰዎቹ ሲራመዱ እንደ መንቀጥቀጥ ይላሉ። ከሞላልኝ ልጅ ጋር ተጣላን። ብሬን ላስመልስ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂው! ሠሪዎቹ ሆን ብለው በየሰከንዱ የሚያልፉትን ምስሎች ቁጥር ቀንሰው ነው እንዲያ የሆነው። በኔትፍሊክስ የሚያዩትም እንዳንቺው ተንጫጭተው ነበር። ሁለተኛው ሲዝን ላይ አሻሽለውታል፣ ታገሺ።

ጥያቄ፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ይህን የድራጎን ፊልም ካላየሁ ብሎ አስቸገረኝ። ቁጭ ብዬ ሳየው ድግምት በድግምት ነው። ጥንቆላ እያስተማሩብኝ ይሆን? (አንዲት እናት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፣ እኔም ቤት ይሄ ጥያቄ ተነስቶ ያውቃል። ፊልሙ ውስጥ አስማቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፀሐይ፣ ከጨረቃ፣ ከከዋክብት፣ ከሰማይ፣ ከምድርና ከውቅያኖስ የሚመጣ ነው። ሌላው ጨለማው ነው፣ የፍጥረትን ነፍስ አጥፍቶ የሚሠራ። ይህን ሁለተኛውን ፊልሙ ራሱ አያሞግሰውም። ክላውዲያ የምትባለዋን ልጅ ልብ ብለው ይዩ። ወንድሟን ለማዳን ትሠራበታለች፣ ከጥቁር ፀጉሯ ከፊሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ልጅዎን «ለምን ነጭ ሆነ?» ብለው ይጠይቁት፣ ምን እንደገባው ያኔ ያውቃሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገና የመጀመሪያው ክፍል ንጉሥ ሊገድሉ የሚመጡ ሰዎችን ያሳያል። ማታ ከመኝታ በፊት አያሳዩት፣ ቅዳሜ ከሰዓት አብረውት ቢቀመጡ ይሻላል።