«ማማረሬ ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ እሸጥ ነበር። በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ተዘረፈ። ተበድሬ እንደገና ከፈትኩ፣ እሱም አልሆነልኝም። አሁን ኪራዩና የብድሩ ወለድ ተደራርበው እንቅልፍ ነስተውኛል። ዳዊት እደግማለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ። ግን አንዳንዴ «ምነው እኔን ረሳኸኝ?» እያልኩ አማርራለሁ። ጓደኞቼ «እምነትሽ ጎድሎ ነው፣ የደበቅሽው ኃጢአት ይኖራል» አሉኝ። ለግሸን ማርያም የተሳልኩትን ገንዘብም አላስገባሁም። እሱ ይሆን የያዘኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ከጓደኞችሽ እንጀምር። ኢዮብን ሁላችንም በትዕግሥቱ ነው የምናነሳው፣ ምዕራፍ 3 ላይ የተወለደበትን ቀን ሲረግም ግን ዘለን እናልፈዋለን። የእሱም ጓደኞች መጥተው ነበር። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድም ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ ምን የመሰሉ ለቅሶ ደራሾች ነበሩ! ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፤ «ያለ ኃጢአትህ አልደረሰብህም» እያሉ ሲያደርቁት ከረሙ። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በማን ነው? በእነሱ ነው (42፥7)።

ደግሞ ዳዊት እደግማለሁ ብለሻል። መዝሙር 12ን ረጋ ብለሽ አንብቢው፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። አንቺ ካልሽው በምን ይለያል? ያማረርሽው ለራሱ ለእግዚአብሔር ነው፣ ጀርባሽን ሰጥተሽው አልሄድሽም። ይሄ ጸሎት ነው።

እንቅልፉን ግን ቀላል አታድርጊው። ኤልያስ «ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ክትክታ ዛፍ ሥር ሲተኛ (ስሙ ክትክታ ይባል እንጂ እኛ ተራራ ላይ የሚበቅለው ሳይሆን የበረሃ ቁጥቋጦ ነው) መልአኩ አልገሠጸውም፣ ስብከትም አልጀመረለትም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ሁለተኛ ቀሰቀሰና አበላው። ስለዚህ እህል ቅመሺ፤ እንቅልፍ ማጣቱ ከሰነበተ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሲራክ 38 ሐኪምን አክብር ነው የሚለው፤ ከጠበሉ ጋር አይጣላም።

ብድሩን በተመለከተ፣ የአበዳሪዎችሽን ስልክ አለማንሳት የባሰ ጣጣ ያመጣል። ወለዱ እስኪቆለልብሽ ሳትጠብቂ ቢሯቸው ሄደሽ የመክፈያ ጊዜው ይራዘምልኝ ብለሽ በጽሑፍ አመልክቺ። ኪራዩ ከሽያጩ ከበለጠ ደግሞ ሱቁን ለቀሽ ለጊዜው በትንሹ መሥራት ነውር የለውም። ሱቅ መልቀቅ እምነት ማጣት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ለጎረቤትም ንገሪ። ደሴ ውስጥ እስላም ክርስቲያኑ ሐዘንም ሰርግም አብሮ ነው፣ ያንቺ ጭንቀት ምን ልዩ ያደርገዋል? ምናልባት ዕቃ በዱቤ የሚሰጥሽ የቀድሞ ደንበኛሽ እዚያው ጎንሽ ይሆናል።

ስለቱ? ግሸን ማርያም አራጣ አበዳሪ አይደለችም። ለንስሐ አባትሽ እንደሌለሽ በግልጽ ንገሪያቸውና የሚሉሽን ስሚ። መስከረም 21 ለመሄድ ከተሳካልሽ ደግሞ ወፍራም ጋቢ ያዢ፤ የአምባሰል ብርድ ቀልድ አያውቅም።