ከየትኛው ኦንላይን መሣሪያ ልጀምር? ብሎግስ ማን ያነብልኛል? ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። የመንግሥት ትምህርት ቤት የ10ኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህርት እንደሆንሽና አንድ ክፍል ውስጥ ወደ 60 ተማሪ እንዳለሽ ጽፈሻል። ከጉግል ክላስሩም (የኦንላይን መማሪያ ክፍል)፣ ከካሁት (የጥያቄና መልስ ጨዋታ) እና ከቴሌግራም በየትኛው መጀመር እንዳለብሽም ግራ ገብቶሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ብሎግ መክፈት አስባለሁ፣ ግን ማን ያነበዋል?» ብለሻል። እኔ አዲስ አበባ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ያልሻቸውን ሁሉ ክፍሌ ውስጥ ሞክሬአቸዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ የምለካበትን ነገር ልንገርሽ። መሣሪያ የሚጠቅመኝ ተማሪው የቱ ጋ እንዳልገባው ሲያሳየኝ ነው። ይህን ካላደረገ የቱንም ያህል ቢያምር ጊዜ ይበላል። እኔ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ይመጣልን ነበር። ሥዕሉ ያምራል፣ እንግሊዝኛው ይሮጣል። ያልገባን ነገር ሲኖር ግን ቆም በል ማለት አይቻልም። መምህራችን በምትተርፋቸው ጥቂት ደቂቃ ሊያስረዱን ይሯሯጡ ነበር። አስተማሪ ከሆንኩ ወዲህ አዲስ አፕ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ነገር ስለ ተማሪዎቼ ምን ይነግረኛል?

በዚህ ሚዛን እኔ ዘንድ አንደኛ የወጣው የቴሌግራም ኩዊዝ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ እንደፈሰስን ታስታውሻለሽ። ብዙው መምህር የሚልከው ፒዲኤፍና የኖት ፎቶ ነበር። ማን እንዳነበበው፣ ማን እንደገባው አይታወቅም። ቴሌግራም ደግሞ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ኩዊዝ የሚሠራበትን አማራጭ አስገብቶ ነበር። ጥያቄ ትጽፊያለሽ፣ አማራጭ ትሰጫለሽ፣ ትክክለኛውን ምልክት ታደርጊበታለሽ። ተማሪው ሲነካው ወዲያው ልክ መሆን አለመሆኑን ያያል። አንቺ ደግሞ ከመቶ ስንቱ የቱን እንደመረጠ ታያለሽ።

ከራሴ ትምህርት ምሳሌ ልስጥሽ። «ኳስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚቀየርበት መጠን) ስንት ነው?» ክፍል ውስጥ «ገብቷችኋል?» ስላቸው «አዎ ቲቸር» ይላሉ፣ ሁሉም። ማታ ኩዊዙን ስለቀው አብዛኛው «ዜሮ» ብሎ ይመርጣል። እዚያች ቅጽበት ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ስለሆነ አክስለሬሽኑም ዜሮ ይመስላቸዋል። በየዓመቱ ያው ነው፤ ጎበዝ የሚባሉትም ይስታሉ። ስለዚህ በማግስቱ ክለሳ ብዬ ጊዜ አላጠፋም። በቀጥታ «አክስለሬሽኑ ዜሮ ቢሆን ኳሱ ለምን ይወርዳል? እዚያው አየር ላይ ቆሞ አይቀርም ወይ?» ብዬ እጀምራለሁ። ክፍሉ ይከራከራል። ያን ቀን የሚማሩት አይረሳቸውም።

ሚስጥሩ ያለው አማራጮቹ ላይ ነው። የተሳሳቱትን አማራጮች ለመሙያ ያህል አትጻፊያቸው። የቆየ የፈተና ወረቀት አውጪና ተማሪዎችሽ የጻፉትን የተሳሳተ መልስ እንዳለ አማራጭ አድርጊው። እንዲህ ከሆነ የመረጡት ስህተት ራሱ ሐሳባቸው የት እንደተጣመመ ይነግርሻል። ማርክ ግን አትስጪበት። ማርክ ካለው ይኮራረጁና የምታዪው ነገር ሁሉ ውሸት ይሆናል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ግሩፕ ከመክፈትሽ በፊት አስቢበት። ግሩፕ ውስጥ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይታያያሉ፣ የማያውቁት ሰው ለሴት ተማሪዎችሽ በግል መጻፍ ይጀምራል። ቻናል ከሆነ ግን የአባላቱን ዝርዝር የምታዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ቻናል ላይ ማን ምን እንደመለሰ በስም አይታይም፣ ድምሩ ብቻ ነው የሚታየው፤ ለእኔ እሱ ይበቃኛል። የሚያፍር ልጅም ደፍሮ ይመልሳል። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ወስደሽ ስልክ ቁጥራቸው ለማንም እንዳይታይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው እንዲያስተካክሉም አሳዪያቸው።

«ስልክ የሌላቸውስ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው። ብዙ ልጆች የሚጠቀሙት የእናታቸውን ስልክ ነው፣ እሱም ማታ ከሥራ ሲመለሱ። ስለዚህ ኩዊዙ እስከ ጠዋት ክፍት ይሁን፣ ሰዓት አትገድቢበት። ምንም ስልክ ለማይደርሰው ደግሞ ፕሊከርስ የሚባል አለ፤ ይሄን በጣም ነው የምወደው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ካርድ በወረቀት አትመሽ ታድያለሽ። ካርዱ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት አለ፣ በአራቱ ጎን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ በትንንሹ ተጽፏል። መልሱ ቢ ነው የሚል ልጅ ቢ ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ያነሣል። አንቺ ከፊት ቆመሽ በስልክሽ ካሜራ ክፍሉን ታዳርሻለሽ፣ የእያንዳንዱ መልስ ይገባልሻል። የእያንዳንዱ ልጅ ምልክት የተለያየ ስለሆነ ከጎን ማየት ብዙም አይጠቅምም። ዳታ የሚያስፈልገውም ያንቺ ስልክ ብቻ ነው። የካርዱ ስብስብ እስከ 63 ተማሪ ይሆናል፣ ስለዚህ ክፍልሽን ይችለዋል። ጠንከር ያለ ወረቀት ላይ አሳትሚው፣ ጣታቸውም ምልክቱን እንዳይሸፍን አስለምጃቸው።

ካሁት ደስ ይላል፣ ልጆቹ ይጮሁበታል። ግን ሁሉም እጅ ላይ ስልክ፣ ሁሉም ስልክ ላይ ኢንተርኔት፣ ግድግዳው ላይ ፕሮጀክተር በአንድ ሰዓት መገኘት አለባቸው። ስልክ ክልክል በሆነበት ትምህርት ቤት አይታሰብም። ጉግል ክላስሩም ጥሩ ነው፣ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ የኢሜል አካውንት ይጠይቃል። ፓስወርድ የረሳ ልጅ ስታስተናግጂ ወሩ ያልቅብሻል። በእሱ ፋንታ ጉግል ፎርምስን ሞክሪ፤ ተማሪው አካውንት ሳይኖረው መሙላት ይችላል፣ ራሱ ያርማል፣ ውጤቱን በሠንጠረዥ ይሰጥሻል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን ከተሰጠ ወዲህ ስክሪን ላይ ጥያቄ አንብቦ መመለስን መልመድ በራሱ ለልጆቹ ጥቅም ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ? ትምህርት ቤትሽ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ካሉት ኮሊብሪ የሚባለው የመማሪያ ፕሮግራም እንዲጫን ጠይቂ። አንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫናል፣ ሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ከእሱ ላይ ቪዲዮና መልመጃ ይከፍታሉ። ፌት የሚባሉት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽኖችም (ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች) አንዴ ከወረዱ ያለ ኔትወርክ ብራውዘር ላይ ይሠራሉ። ፊዚክስ ላይ ይበዛሉ፣ ለባዮሎጂም ግን እንደ ተፈጥሯዊ ምርጫ ያሉ አሏቸው።

አሁን ወደ ብሎጉ። ማን ያነበዋል ላልሽው፣ ተማሪዎችሽ ያነቡታል፤ የሚጽፉትን ስህተት ከጻፍሽበት። መጽሐፉ ላይ ያለውን ኖት ደግመሽ ብትለጥፊ ማንም አይመጣም፣ ኖቱ ደብተራቸው ላይ አለ። እኔ የምጽፈው አንድ ኩዊዝ ላይ ብዙ ልጅ የሳተውን ጥያቄ ነው። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ስህተት። ለምን «ዜሮ» ልክ እንደሚመስል አስረዳለሁ፣ ከዚያ ለምን እንዳልሆነ። የቴሌግራም ኩዊዝ ማብራሪያ የሚቀበለው እስከ 200 ፊደል ብቻ ነው፤ ለረጅሙ ወደ ብሎጉ እልካቸዋለሁ።

ደግሞ በአማርኛ ጻፊ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ቃሉን ሸምድዶ ይዞታል፣ ነገሩን ግን አልያዘውም። ኢንተርኔት ላይ በእንግሊዝኛ የማይገኝ ማብራሪያ የለም፤ በአማርኛ ለ10ኛ ክፍል ልጅ የተጻፈ የባዮሎጂ ማብራሪያ ግን ፈልጊና የምታገኚውን ቁጠሪ። ቦታሽ እዚያ ነው። የትምህርቱን ቃል ራሱን፣ «ኦስሞሲስ» ከሆነ «ኦስሞሲስ»፣ አትለውጪው፣ ፈተና ላይ የሚያገኙት እሱን ነው። ማስረዳቱ ግን ቤት ውስጥ በምንናገርበት ቋንቋ ይሁን። ተማሪዎቼ ሊንኩን ለሌላ ክፍል፣ ለሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ሲያሻግሩት አያለሁ። በፈተና ሰሞን የጎብኚው ቁጥር ከፍ የሚለው በዚያ ነው።

ለመክፈቻው ብሎገር የሚባለው የጉግል አገልግሎት ይበቃሻል። በነፃ ነው፣ በዶላር የሚከፈል ካርድ አይጠይቅም፣ በስልክሽም መጻፍ ትችያለሽ። ፎቶ ስታስገቢ ግን መጀመሪያ አሳንሺው፤ በስልክ የተነሣ ትልቅ ፎቶ የልጁን ዳታ ይጨርሰዋል። ዱሮ በኮምፒዩተር የተጻፉ የአማርኛ ኖቶች ካሉሽ በቀጥታ ኮፒ አድርገሽ ስትለጥፊ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሊሆንብሽ ይችላል። ጽሑፉ ዩኒኮድ (ሁሉም ስልክና ኮምፒዩተር የሚያነበው የፊደል ኮድ) ስላልሆነ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም ካላገኘሽ በስልክ ኪቦርድ እንደገና መጻፉ ይሻላል። የተማሪ ስም፣ ፎቶና ውጤት ብሎጉ ላይ በጭራሽ አታውጪ።

ለመጀመሪያ ኩዊዝሽ ከባዮሎጂ መምህራን የሰማሁትን ልስጥሽ። «ዕፅዋት ሪስፓይሬሽን (ከምግብ ጉልበት ማውጣት) የሚያካሂዱት መቼ ነው? ሀ. ቀን ብቻ፣ ለ. ማታ ብቻ፣ ሐ. ቀንም ማታም፣ መ. ጭራሽ አያካሂዱም።» ብዙ ልጅ «ማታ ብቻ» እንደሚል ይነግሩኛል፤ ቀን ፎቶሲንተሲስ ስላለ ሌላው የቆመ ይመስላቸዋል። ዛሬ ማታ ልቀቂውና ነገ ጠዋት ስንቱ «ለ»ን እንደመረጠ እዚሁ ንገሪን።